ጦም ያደረ መሬት

«መሬት ላራሹ» የሚለውን መፈክር የሰማሁት ማንበብ ከመቻሌ በፊት ነው። በ1957 ዓ.ም. መፈክሩን ይዘው አዲስ አበባ አደባባይ የወጡት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አባቴን አያውቁትም፤ አባቴም እነሱን አያውቃቸውም ነበር። ይሁን እንጂ ቃሉ ውሎ አድሮ በየካቲት 1967 ዓ.ም. አዋጅ ሆነና ሰሜን ሸዋ፣ ጅሩ፣ እኛ ደጃፍ ድረስ መጣ። እስከዚያች ዕለት በሰው መሬት ላይ እኩል አራሽ የነበረው አባቴ ከገበሬ ማኅበሩ ስድስት ጥማድ መሬት ደረሰው። እናቴ ስትተርክ፣ በዚያ ዓመት አባቴ ማለዳ ሲነሣ ፊቱን እንኳ ሳይታጠብ፣ መሬቱ በቦታው መኖሩን ሊያረጋግጥ ይወጣ ነበር ትል ነበር።

ያችን መሬት ያረሳት ሁለት ክረምት ብቻ ነው። በ1969 ዓ.ም. የእናት አገር ጥሪ ሲመጣ ከሚሊሺያው ጋር ታጠቅ ጦር ሰፈር ገባ፤ ከዚያም ወደ ኦጋዴን ዘመተ፤ አልተመለሰም። የሞተበትን ቀንና ቦታ የሚናገር ወረቀት ለቤታችን አልደረሰም። የደረሰው የእኔ የጉዞ ጥሪ ነበር። በ1971 ዓ.ም.፣ የአሥር ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ አባቶቻቸውን በጦርነቱ ካጡ ሕፃናት ጋር ወደ ኩባ ተላክሁ።

የኩባው ኑሮ ራሱን የቻለ መጽሐፍ ይወጣዋልና እዚህ ብዙ አልቆይበትም። ያደግሁት «የወጣቶች ደሴት» በምትባለው ደሴት፣ ከአንጎላ፣ ከሞዛምቢክና ከናሚቢያ ከመጡ ልጆች ጋር ነው። ግማሹን ቀን እንማራለን፤ ግማሹን ቀን በግሬፕፍሩት ማሳ ውስጥ እንኮተኩታለን፣ እንለቅማለን። የጅሩ ገበሬ ልጅ ሆኜ ሞፈርና ቀንበር ሳልይዝ የካሪቢያን ፍሬ ለቀምሁ። ሕክምናም የተማርሁት እዚያው ኩባ ነው። የላከን መንግሥት በ1983 ዓ.ም. ሲወድቅ ወደየት እንደምንመለስ የሚነግረን አካል ጠፋ። በእ.ኤ.አ. 1990ዎቹ መጨረሻ አሜሪካ ገባሁ፤ ሌሊት በአረጋውያን መጦሪያ ቤት እየሠራሁ፣ ቀን ለፈተና እያነበብሁ፣ ከብዙ ዓመታት ልፋት በኋላ እንደገና ሐኪም ተብዬ ተጠራሁ። ዕጣ ፈንታ የቀልድ ወዳጅ ናትና፣ ኮሎራዶ ውስጥ በኦሮራ ከተማ የተከራየሁት የመጀመሪያ ቤት ሐቫና ከሚባለው ጎዳና ጥግ ነበር። ያገሬ ሰዎች እንጀራ ከሚሸጡበት፣ ቡና ከሚያፈሉበት ከዚያ ሰፈር ሆኜ ለኩባ ጓደኞቼ ስደውል «ከሐቫና ተነሥቼ ሐቫና ደረስሁ» እል ነበር።

ኦሮራ የምንኖር ኢትዮጵያውያን ጓሯችን ምን እንደሚመስል የኖረበት ያውቀዋል። ጎመን አለ፣ ቃሪያ አለ፣ በሶብላ አለ፤ ትዕግሥት ያለው ሰው ጤና አዳም በጣሳ ተክሎ በረዶ ሲመጣ ወደ ቤት ያስገባል። እኔም ለሃያ ዓመት ያህል ከዚህ የተለየ አላደረግሁም። በግንቦት የተከልሁትን በመስከረም መጨረሻ አመዳይ ይመታዋል፤ ግንዱን ነቅዬ ጥዬ «በሚመጣው ዓመት እንግዲህ አገሬ ነኝ» እላለሁ። በሚመጣው ዓመትም በግንቦት ጎመን እተክላለሁ። ጎመን ውል አያስገባም፤ ተበልቶ ሲያልቅ ባለቤቱ ሻንጣውን ለማንሣት ነፃ ነው። ስደተኛ የአንድ ወቅት ተክል የሚወድበትን ምክንያት ያወቅሁት በጣም ዘግይቼ ነው።

በእነዚያ ዓመታት ሁሉ እናቴ በስልክ አንድ ጥያቄ ትጠይቀኝ ነበር። የአባቴን መሬት የሚያርሳት የእህቴ ልጅ ነው። እናቴ እያረጀች ስትሄድ ይዞታውን በስሙ ልታዞርለት ፈለገች፤ ነገር ግን የበኩር ልጅዋ ቃሉን ሳይሰጥ አይሆንም አለች። «ትመጣለህ ወይስ ለልጁ ላዙርለት?» ትለኛለች። «ቆይ እስቲ እማዬ» እላታለሁ። ያገራችን ሕግ የገጠር መሬትን በእርሻ ለሚተዳደር ዜጋ እንጂ የውጭ አገር ፓስፖርት ለያዘ ሐኪም እንደማይሰጥ አሳምሬ አውቃለሁ። መሬቷ የእኔ ልትሆን አትችልም። ሆኖም «ይሁን» ብዬ ቃሌን ከሰጠሁ የሚቋረጥ አንድ ነገር ያለ ስለሚመስለኝ፣ «ቆይ እስቲ» እያልሁ ዓመታት አለፉ።

እ.ኤ.አ. በ2018 ከኦሮራ በስተ ምሥራቅ፣ በመኪና ግማሽ ሰዓት ያህል ርቆ ከቤኔት ከተማ አጠገብ፣ 35 ኤከር መሬት ገዛሁ። ለምን እንደገዛሁ ባለቤቴ ስትጠይቀኝ «ለጡረታ» አልኋት፤ አላመነችኝም። ሠላሳ አምስት ኤከር 14 ሄክታር ገደማ ነው። የ1967ቱ አዋጅ ለአንድ ቤተ ሰብ ከ10 ሄክታር በላይ እንዳይሰጥ ይከለክል ስለነበር፣ ደርግ ቢያገኘኝ ትርፉን ወርሶ ከአድኃሪ ባላባቶች ጋር ይደምረኝ ነበር እያልሁ ብቻዬን ሳቅሁ። የኮሎራዶ ሰው ግን ይህን «ትንሽ እርሻ» ይለዋል። ቁጥሩም ያለ ምክንያት አልመጣም፤ በግዛቲቱ የውኃ ሕግ መሠረት 35 ኤከርና ከዚያ በላይ በሆነ ይዞታ ላይ የሚቆፈር የቤት ጉድጓድ፣ ከመጠጥና ከከብት ሌላ፣ እስከ 1 ኤከር የሚደርስ የጓሮ አትክልት እንዲያጠጣ ሊፈቀድለት ይችላል።

ለኢትዮጵያዊ አንባቢ የሚያስገርመው ይህ የውኃ ሕግ ነው። በኮሎራዶ መሬት መግዛት ውኃውን መግዛት አይደለም። የወንዝ ውኃ ቀድሞ ለጠለፈው ሰው መብት ነው፤ ኋላ የመጣው ፊተኞቹ ጠጥተው ሲተርፍ ይጠጣል። እስከ እ.ኤ.አ. 2016 ድረስ ከቤት ጣሪያ የሚወርደውን ዝናብ በበርሜል ማጠራቀም እንኳ በአብዛኛው ክልክል ነበር፤ ከዚያ ወዲህም ለአንድ ቤት የተፈቀደው ሁለት በርሜል፣ በድምሩ ከ110 ጋሎን ያልበለጠ ውኃ ነው። ይህን ለእናቴ ስነግራት «የእግዜርን ዝናብ?» ብላ ዝም አለች።

ቀድሞ የመጣ የሚለው ሕግ ግን ከየት ጀምሮ እንደሚቆጥር ማሰብ ያስፈልጋል። መሬቴ ያለበት ሜዳ የአራፓሆና የሻያን ሕዝቦች የጎሽ ማደኛ ነበር። እ.ኤ.አ. ኅዳር 29 ቀን 1864 በዚሁ በምሥራቅ ኮሎራዶ፣ ሳንድ ክሪክ በተባለው ወንዝ ዳር ሰፍረው ሳሉ የመንግሥት ወታደሮች አብዛኞቹ ሴቶች፣ ሕፃናትና ሽማግሌዎች የነበሩባቸውን ሰዎች ፈጁ። የአንዱ ሕዝብ ስም ዛሬ የአውራጃ ስም ሆኖ በግብር ደረሰኝ ላይ ይነበባል። እኔ፣ «መሬት ላራሹ» ሲባል ያደግሁ ሰው፣ የግብር ደረሰኙን በያዝሁ ቁጥር ይህን ሳላስብ አላልፍም።

ላቬንደርን ያየሁት ከዴንቨር ደቡብ ምዕራብ ባለው በቻትፊልድ እርሻ ነው። ይህን እርሻ የሚያስተዳድረው ዴንቨር ቦታኒክ ጋርደንስ ሲሆን በሐምሌ ወር የላቬንደር በዓል ይከበርበታል። በዚያ ደረቅና አቧራማ ሙቀት ውስጥ ተክሉ ደልቶት፣ ሐምራዊ ሆኖ፣ በንብ ተከብቦ ሳየው አንድ ያገሬ ልጅ ያገኘሁ መሰለኝ። ቅጠሉን በጣቴ ሳሸው የሸተተኝ ጦስኝ ነበር። በኋላ ሳነብ ነገሩ የናፍቆት ቅዠት ብቻ አለመሆኑን ተረዳሁ፤ ላቬንደር ከጦስኝ፣ ከበሶብላ፣ ከዳማከሴና ከጥብስ ቅጠል ጋር የአንድ ቤተ ሰብ ዘመድ ነው። ለብርዱ የሚበረታው ዓይነት «የእንግሊዝ ላቬንደር» ይባላል፤ ትውልዱ ግን እንግሊዝ ሳይሆን በሜዲትራንያን አካባቢ ካሉ ድንጋያማ ተራሮች ነው። ስሙን ያገኘው ከተወለደበት ሳይሆን ከተሰደደበት አገር ነው።

እ.ኤ.አ. በ2019 ግንቦት ስድሳ ችግኝ ገዛሁ። መሬቱን ያዘጋጀሁት ደግሞ ፍቅር እንደሚያዝዘው ነበር። ለእያንዳንዱ ችግኝ ጥልቅ ጉድጓድ ቆፈርሁ፤ ከጎረቤት ያመጣሁትን የበሰለ ፍግ ሞላሁበት፤ ተከልሁ፤ ከሥራ ስመለስ ማታ ማታ ውኃ አጠጣሁ። በሰኔ ሁሉም አረንጓዴ ነበሩ። በነሐሴ አንዳንዱ ከሥር ጀምሮ ግራጫ መሆን ጀመረ። የጠማው መስሎኝ ውኃ ጨመርሁለት። በረዶው ሄዶ ሚያዝያ ሲጠባ ከስድሳው ያቆጠቆጡት አራት ናቸው።

እንደ ሐኪም ወግ አስከሬን ምርመራ አደረግሁ። አንዱን ስነቅለው ያለ ትግል ወጣ፤ ሥሩ ጠቁሯል፣ ልጡ በጣት ሲያዝ እንደ ካልሲ ይወልቃል፣ ሽታውም የበሰበሰ ነው። ከዚያ የጉድጓዱን ግድግዳ አየሁ። ዙሪያው ጠጣርና ሸክላማ አፈር ነው፤ እኔ በውስጡ የሞላሁት ደግሞ ለስላሳ ፍግ። ለተክሉ መኖሪያ የቆፈርሁለት መስሎኝ ማሰሮ ሠርቼ፣ ማሰሮውን በውኃ ሞልቼ፣ ሥሩን ዘፍዝፌበት ኖሮአል። ላቬንደር የድኃ አፈር ተክል ነው፤ ድርቅን ይችላል፣ ድንጋይን ይችላል፣ ኖራ የበዛበትን አፈር እንዲያውም ይወደዋል፤ የማይችለው እግሩ በውኃ ውስጥ ሲያድር ነው። በሙያዬ እንዲህ ያለውን ነገር አውቀዋለሁ። ሕመሙ ያልገደለውን ሕክምናው የሚገድለው አለ፤ ብዙ መድኃኒት ያዘዘው ሐኪም ብዙ ጊዜ ቅን ሰው ነው።

በዚያን ሰሞን ለእናቴ ደወልሁ። እንዲሁ ለወሬ ያህል ችግኙ እንደሞተብኝ ነገርኋት።

«አፈሩ ምን ዓይነት ነው?» አለችኝ።

«ሲደርቅ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይሰነጠቃል፤ ሲረጥብ ጫማ ያወልቃል።»

«ይኸማ ዋልካ ነው! ታዲያ ሳትቆልልለት ነው ውኃ ያጠጣኸው?»

«መቆለል ምንድን ነው?»

ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ ድምፅዋ ተለወጠ፤ «አንተ ልጅ፣ ከእኔ ጋር ትቆልል አልነበር? በጭቃው ውስጥ እየተንፏቀቅህ? ረሳኸው?»

ረስቼው ነበር። የጅሩ ሜዳ ዋልካ ነው፤ ክረምት ሲገባ ውኃ ይተኛበታል። በመሆኑም ያገሩ ገበሬ በሬ ካረሰ በኋላ ሚስቱንና ልጆቹን አሰልፎ፣ አፈሩን በእጅ እየዛቀ ሰፊ መደብ ያነሣል፤ በመደብና በመደብ መካከል ቦይ ይተዋል፤ ውኃው በቦዩ ወርዶ ስንዴው በመደቡ ላይ ደረቅ ሆኖ ይቆማል። በሌላም አገር በማረሻ ጠባብ ጠባብ መሥመር አውጥተው እንደ ሴት ጠጉር የሚጎነጉኑት አሉ፤ ሹሩባን ይመስላል። የግብርና ሊቃውንት ከጊዜ በኋላ ይህንኑ የሚሠራ በበሬ የሚጎተት መሣሪያ አበጅተዋል። እናቴ ስትናገር በጣቶቼ መካከል የሚሾልከው ቀዝቃዛ ጥቁር ጭቃ ትዝ አለኝ፤ ከፊቴ የእናቴ ጀርባ፣ ከእሷም ፊት አባቴ በሬዎቹን ይዞ ሲሄድ። አርባ ዓመት ሙሉ ስለ ራሴ ስናገር «መሬት ሳልነካ ያደግሁ የገበሬ ልጅ ነኝ» እል ነበር። እጄ ግን ነክቶ ነበር። ስልኩን ዘግቼ በመኪናው ውስጥ ብዙ ጊዜ ተቀመጥሁ።

መሬቱን በትክክል ማዘጋጀት የጀመርሁት ከዚያ በኋላ ነው፤ የጀመርሁትም ባለመትከል ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 የጸደይ ወራት የኮሮና ወረርሽኝ ስለመጣ ለእርሻ የሚሆን ቀን አልነበረኝም፤ ከሆስፒታል የምወጣው ለመተኛት ያህል ብቻ ነበር። በዋልካው ላይ ጥቁር ሸራ ዘርግቼ በድንጋይ ጫንሁት። የአካባቢው ቀንደኛ ጠላት ነጭ አበባ ያለው፣ እንደ እባብ የሚጠመጠም አረም ነው፤ ከአሮጌው ዓለም ከእህል ዘር ጋር ተቀላቅሎ ገብቶ ሜዳውን ወረሰ፤ ሥሩ ሜትሮች ወደ ታች ይወርዳል፤ ዘሩም በአፈር ውስጥ ለአሥርተ ዓመታት ሳይሞት ይቆያል። ይህን አረም ሳያደክሙ ለአሥር ዓመት የሚኖር ተክል መትከል፣ ቁስል ሳያጥቡ መስፋት ነው። በመሆኑም መሬቱን ሁለት በጋ ጦም አሳደርሁት።

ጎረቤቴ የሆኑት አዛውንት ገበሬ ይህን ሲያዩ አልሳቁብኝም። እሳቸውም ስንዴ የሚዘሩት አንድ ዓመት እየዘለሉ ነው። በዚህ አገር ምሥራቃዊ ሜዳ የዓመቱ ዝናብ ከ400 ሚሊ ሜትር የማይበልጥበት ዘመን ብዙ ስለሆነ፣ አንዱ ዓመት መሬቱ ጦሙን አድሮ እርጥበት ያጠራቅማል፤ በሁለተኛው ዓመት ስንዴው የሁለት ዓመት ውኃ ይጠጣል። በእ.ኤ.አ. 1930ዎቹ፣ አያቶቻቸው ሣሩን ያለ ልክ ገልብጠው ካረሱ በኋላ ድርቅ ሲመጣ አፈሩ ወደ ሰማይ ተነሥቶ ቀኑን እንዳጨለመው ነገሩኝ። «ጦም ያደረ መሬት» የሚለውን ያማርኛ አባባል በእንግሊዝኛ ስተረጉምላቸው ባርኔጣቸውን አንሥተው «ልክ ነው፣ መሬትም ይጾማል» አሉ።

በሁለተኛው ዓመት አፈሩን ለምርመራ ላክሁ። የሕመምተኛን ደም ውጤት ሳነብ ሠላሳ ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ የአፈር ውጤት ሳነብ ግን የመጀመሪያዬ ነበር። አፈሩ ወደ አልካላይን ያጋደለ፣ ፒኤቹ 7.8፣ ኖራው የበዛ፣ ብስባሹ ያነሰ። ለቲማቲም መጥፎ ዜና ነው፤ ከ6.5 እስከ 8 ባለው ውስጥ ለሚደላው ላቬንደር ግን ምንም መድኃኒት የማይሻ ጤነኛ ውጤት ነው። ሐኪሙ ማዘዝ ያለበት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ውኃውን ማስወጣት። አሸዋ ልቀላቅልበት አስቤ ተመከርሁ፤ ሸክላ ላይ ጥቂት አሸዋ መጨመር ጡብ መሥራት ነው ተባልሁ። ፍጉን ለጎመኑ ተውሁት።

እ.ኤ.አ. በ2021 መከር ጎረቤቴ በትራክተራቸው ጥልቅ ጥርስ ያለው መሰንጠቂያ አምጥተው የጠጠረውን የታችኛውን አፈር ቀደዱልኝ። ይህን እርሻ ያገራችን ሰው ገመሳ ይለው ነበር። ከአንድ ወር በኋላ በቀላል ማረሻ ደገምነው፤ አይማ መሆኑ ነው። በበረዶው ወራት ጓሉ በውርጭ እየተሰባበረ ከረመ። በመጋቢት መጨረሻ፣ አፈሩ በእጅ ሲጨበጥ ሳይጣበቅ ሲፈረፈር፣ ሦስተኛውን አረስን፤ ሥልስ። ቃላቱን ለጎረቤቴ አስተማርኋቸው፤ እሳቸውም በየጊዜው እየተሳሳቱ ይጠሯቸው ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው የአካፋና የእጅ ሥራ ነው። ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ በምትወርደው ቀላል ተዳፋት ላይ ገመድ ወጥሬ መደቦቹን ቁልቁለቱን ተከትዬ አወጣሁ፤ እያንዳንዱ መደብ አንድ ክንድ ከስንዝር ስፋት፣ ከጉልበት ዝቅ የሚል ከፍታ፣ ሠላሳ ሳንቲ ሜትር ያህል። በመደብና በመደብ መካከል ሰው ጎንበስ ብሎ የሚያጭድበት ቦይ ተውሁ። ቦዮቹን ከታች በኩል በአንድ ፈሰስ አገናኘኋቸው። በመደቡ አናት ላይ ውኃ ጠብ ጠብ የሚያደርግ ቀጭን ቧንቧ ዘረጋሁ፤ የሚያጠጣውም ለመጀመሪያው ዓመት በሳምንት አንድ ቀን፣ ከዚያ ወዲያ ደግሞ ድርቅ ሲጠና ብቻ ነው። ከላይ ነጣ ያለ ደቃቅ ጠጠር አለበስሁት፤ ጠጠሩ የግንዱን አንገት ያደርቃል፣ ብርሃንንም ወደ ቅጠሉ ይመልሳል። ልጄ ከኮሌጅ ዕረፍቷ መጥታ ሦስት ቀን አብራኝ ቆለለች። በጓንት ጀመረች፤ በሁለተኛው ቀን ጓንቱን አወለቀችው። ምንም አላልኋትም።

መደቦቹ ባለቁ ዕለት ማታ ቆሜ አየኋቸው። አሥራ ሁለት ናቸው። ችግኝ የለባቸውም፤ ጥቁርና ባዶ ናቸው። ያን ጊዜ ነው የሠራሁት ሥራ ምን እንደሆነ የገባኝ። በደንብ በተዘጋጀ መሬት ላይ የተተከለ ላቬንደር ሙሉ ምርት የሚሰጠው በሦስተኛው ዓመት ነው፤ አሥር ዓመትና ከዚያም በላይ ይኖራል። እኔ የሃምሳ ሦስት ዓመት ሰው ነበርሁ። ለዚህ ተክል መሬት ያዘጋጀ ሰው «በሚመጣው ዓመት አገሬ ነኝ» ማለት አይችልም። በአካፋ የጻፍሁት መልስ ከፊቴ ተዘርግቶ ነበር፤ ያልመለስሁት በአንደበቴ ለእናቴ ብቻ ነው።

ሌላም ነገር ትዝ አለኝ። ከሁለት ዓመት በፊት የእህቴ ልጅ በስልክ ሲያጫውተኝ፣ በመሬቷ ጠርዝ ጌሾ ሊተክል አስቦ እንደተወው ነግሮኝ ነበር። «ለምን ተውኸው?» ስለው «ጋሼ፣ የነገው አይታወቅም ብዬ ነው» አለኝ። ያን ቀን የአየር ጠባይ ያወራ መስሎኝ አልፌዋለሁ። አሁን ገባኝ። እኔ በኦሮራ ጓሮዬ የአንድ ወቅት ጎመን የምተክለው ልሄድ እችላለሁ ብዬ ነው፤ እሱም በጅሩ የአንድ ወቅት ስንዴ ብቻ የሚዘራው እኔ ልመጣ እችላለሁ ብሎ ነው። በእኔ አንድ «ቆይ እስቲ» ሁለት መሬት ጦሙን አድሮአል። ተማሪዎቹ አደባባይ የወጡለት፣ አባቴ ሁለት ክረምት ብቻ የቀመሰው ያ ቃል፣ በገዛ ቤታችን ውስጥ ከእኔ ዘንድ ታግቶ ኖሮአል። ባላባቱ እኔ ነበርሁ።

በማግሥቱ፣ ግንቦት 2014 ዓ.ም. በመጀመሪያው ሳምንት፣ ደወልሁ።

«እማዬ፣ መሬቷን ለልጁ አዙሪለት።»

«ከልብህ ነው?»

«ከልቤ ነው። እኔ እዚህ ተክያለሁ።»

«ምን ተከልህ?»

«ገና ነው፤ ዛሬ ልተክል ነው።»

ሳቀች። ከዚያ «ቆለልህለት?» ብላ ጠየቀችኝ። «ቆለልሁለት» አልኋት። «እንግዲያውስ ይጸድቃል» አለች። በዚያው ቀን ሦስት መቶ ችግኝ ተከልን።

በመጀመሪያው ዓመት ላቬንደር አበባውን እንዲያሳድግ አይፈቀድለትም፤ ጉልበቱን ወደ ሥሩ እንዲያወርድ እንቡጡ ይቀነጠባል። የቀነጠብሁትን አድርቄ አንድ እስር ያህል ለገና በዓል ወደ አገር ቤት ለሚሄድ ወዳጄ ሰጠሁት፤ እሱም እናቴ ዘንድ አደረሰልኝ። «ጦስኝ ጦስኝ ይላል። ይበላል?» ብላ ጠየቀችኝ። ብዙም አይበላም አልኋት። «ታዲያ ምን ይሠራል?» አለች። ሰዎች እንቅልፍ ያመጣል ይላሉ፤ እኔ ግን ሐኪም ነኝና ይህ በበቂ ሁኔታ የተረጋገጠ አይደለም ብዬ መለስሁላት። «እኔን አስተኝቶኛል» አለች።

በነሐሴ 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል ጦርነቱ ከጠና በኋላ ስልኩ አንዳንዴ ይገባል፣ አንዳንዴ ለሳምንታት ይጠፋል። እናቴ ያረፈችው ስልክ በማይገባበት ሰሞን ነው። የሰማሁት ተቀብራ ሦስት ሳምንት ካለፈ በኋላ ነው። ሐዘን የተቀመጥሁት ኦሮራ ነው፤ የማኅበሩ ሰዎች ወንበርና ድንኳን ይዘው መጡ፤ በሦስተኛው ቀን እርሻው ላይ ሄጄ ብቻዬን ዋልሁ። ያን መልስ በዚያ ግንቦት ባልሰጣት ኖሮ ከእሷ ጋር ይቀበር እንደነበር አስባለሁ፤ ማሰብም አላቆምሁም።

ከተከልናቸው ሦስት መቶ ችግኞች መካከል በበረዶና በድርቅ የሞቱት ሠላሳ አይሞሉም። በየዓመቱ በሐምሌ፣ ከአበባው ዘንግ ጥቂት እንቡጦች ሲፈነዱ፣ ጤዛው እንደደረቀ እናጭዳለን። ትርፍ የለውም፤ ላተርፍበትም አላሰብሁም። በዚያው ሐምሌ ጅሩ ላይ ክረምቱ ይበረታል። ስልኩ ሲገባ የእህቴን ልጅ የምጠይቀው ስለ ውኃው ነው፤ እሱም ቦዩን ሲከፍት፣ ፈሰሱን ሲጠርግ እንደዋለ ይነግረኛል። እሱ ውኃ ሲያስወጣ እኔ ውኃ እለምናለሁ። ባለፈው ሐምሌ ልንሰነባበት ስንል እንደ ዋዛ «ጋሼ፣ ጌሾውን እኮ ተከልሁት» አለኝ።

«መሬቱን አዘጋጀህለት?» አልሁት።